ከሎስ አንጀለስ ኦክላንድ በ99፦ በሰመር ሙቀት የእርሻውን አገር ስለማቋረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሎስ አንጀለስ ኖሮ ኦክላንድ ወይም ሳን ሆዜ ዘመድ ያለው ሐበሻ ሁሉ ይህን መንገድ ያውቀዋል። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶ አለ። ግን ያውቀዋል ስል ያልፈዋል ማለቴ ነው። እኔም ለብዙ ዓመት በአይ-5 ሽው ብዬ ነበር የማልፈው። አንድ ሐምሌ ላይ ፊት ለፊታችን አደጋ ደርሶ መንገዱ ተዘጋ። ወደ ምሥራቅ ታጥፈን 99 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ወጣን። አንዲት ሴትዮ ከዛፍ ጥላ ሥር ኮክ ስትሸጥ አየንና ቆምን። ልጆቼ ያን ኮክ ሲበሉ ጭማቂው እስከ ክርናቸው ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገዴ 99 ነው። ሰዎች የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

በ5 ልሂድ ወይስ በ99?

ለቅሶ ከሆነ በ5 ሂዱ። ከሎስ አንጀለስ ኦክላንድ 370 ማይል፣ ማለትም 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ከቀናችሁ ከስድስት ሰዓት አይበልጥም። 5 የተሠራው ከተሞቹን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ ሳን ዋኪን በሚባለው ሰፊ የእርሻ ሸለቆ ምዕራብ ጠርዝ እንዲያልፍ ነው። ፈጣን ነው፤ ባዶም ነው።

99 ከ5 የሚለየው ተራራውን ወርዳችሁ ሜዳው ላይ እንደደረሳችሁ ነው። ከዚያ ቤከርስፊልድን፣ ዴላኖን፣ ቱሌርን፣ ሴልማን፣ ፍሬዝኖን፣ ማዴራን፣ መርሴድን፣ ሞዴስቶን እየነካ ይሄዳል። ማንቲካ ላይ ወደ ምዕራብ ታጥፋችሁ ኦክላንድ ትገባላችሁ። ሳን ሆዜ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ቻውቺላ አጠገብ በ152 ታጠፉና በፓቼኮ ተራራ በኩል ውጡ። ብትቆሙ ባትቆሙ አንድ ሰዓት ገደማ ይጨምርባችኋል። እኔ ያን አንድ ሰዓት ሳልቆጥበው ደስ ይለኛል።

በየትኛው ወር ይሻላል?

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው፤ ጭቃ ነው፤ ቆሎ ይዞ ቤት መሰብሰብ ነው። በጋ ስንል ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ያለው ነው። የካሊፎርኒያው ሰመር አንዱንም አይደለም። ለዚህ ነው ሁላችንም "ሰመር" ብለን የቀረነው። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። አገር ቤት ሰማዩ በሚያለቅስበት ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ሰማዩ ነጭ ብረት ይመስላል።

ቼሪ ከፈለጋችሁ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ሂዱ። ኮክ ከግንቦት እስከ መስከረም አለ፤ የሚጥመው ግን የሰኔ አጋማሽና የሐምሌው ነው ብዬ አምናለሁ። ሐብሐብና ሜሎን በሐምሌ ይበዛል። በለስ በነሐሴ ይደርሳል። የወይኑን ስጥ ማየት የሚፈልግ ደግሞ የነሐሴን መጨረሻና የመስከረምን መጀመሪያ ይምረጥ። (ወሮቹን በፈረንጅ ቆጠራ ውሰዱልኝ።)

ሙቀቱ የሚባለውን ያህል ነው?

ነው። ፍሬዝኖ ላይ በሐምሌ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 98 ወይም 99 ፋራናይት፣ ማለትም 37 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አማካይ ነው እንግዲህ። 105 የተለመደ ነው፤ 110 ሲደርስም፣ ማለትም 43 ሴንቲግሬድ፣ የአገሩ ሰው አይደነቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሸለቆው ከባህር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም፤ ፍሬዝኖ 100 ሜትር እንኳን አይሞላም። በምሥራቅ ሴራ ኔቫዳ፣ በምዕራብ የባህር ዳሩ ተራሮች፣ በደቡብ ቴሃቻፒ አጥረውታል። የባህሩ ነፋስ አይገባም፤ የገባው ሙቀትም አይወጣም። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ 26 ዲግሪ ሲሆን "ዛሬ አቃጠለን" ይባል ነበር። ስለዚህ ሙቀት እችላለሁ ብላችሁ አትመኩ።

ዘዴው ሰዓት ነው። እኛ ሌሊት 10 ሰዓት፣ በፈረንጅ 4 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ከቤት እንወጣለን። ልጆቹ ከነፒጃማቸው ይጫናሉ። ጎህ ሲቀድ ቤከርስፊልድን አልፈናል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፍሬዝኖ አካባቢ ነን፤ የመንገድ ዳር መሸጫዎች የሚከፈቱት በዚያው ሰዓት ነው። ሙቀቱ የሚከፋው ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት ነው። ያኔ እኛ ኦክላንድ ሹራብ ፍለጋ ላይ ነን። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ሹራብ ያዙ። ቀን በሸለቆው ሙቀት ውስጥ የነበረ ልጅ ማታ በባህሩ ነፋስ ይንቀጠቀጣል።

መኪናዬ አሮጌ ናት። ግሬፕቫይንን ትወጣለች?

ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቀኝ ሆዴ ይባባል፤ ምክንያቱም ደርሶብኛል።

ግሬፕቫይን የሚያወጣበት ተራራ፣ ቴሆን ማለፊያ የሚባለው፣ 1,263 ሜትር ከፍታ አለው። ስትሄዱ ከሎስ አንጀለስ በኩል ቀስ እያላችሁ ትወጣላችሁ፤ በዚያ ላይ ሌሊት ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። የሚከብደው መመለሻው ነው። ከጋለው ሜዳ ተነስታችሁ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቤተሰብና ሻንጣ ሙሉ ጭናችሁ፣ ስድስት በመቶ ዳገት ለ5 ማይል ያህል ትገፋላችሁ። በመንገዱ ዳር ኤሲ አጥፉ የሚል ምልክት የተተከለው ሰው ለማሰቃየት አይደለም።

እኔን ያገኘኝ እዚያ ነው። ከመውጣቴ በፊት ጋራዥ ወስጄ አሳይቻለሁ። "ምንም የላትም" ተባልኩ። የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ኖሯል። ዳገቱ መሃል ውሃው ፈላ፣ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ወጣ። ባለቤቴ ሁለቱን ልጆች ይዛ ከመንገዱ ርቃ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ከሃያ ጥላ በሌለበት ጠበቅን። ውሃ ባንይዝ ኖሮ ምን እንሆን ነበር እያልኩ እስካሁን አስባለሁ።

ስለዚህ እናንተ ራሳችሁ እዩ። ኮፈኑን ክፈቱ። የኩላንቱን፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ፣ መጠን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተመልከቱ። ቱቦዎቹን በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉ፤ የደረቀ፣ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ይቀየር። የጎማ ንፋስ ጠዋት ሳትነዱ ለኩ፤ ንፋሱ ያነሰ ጎማ በጋለ አስፋልት ላይ ይፈነዳል። ትርፍ ጎማውም ንፋስ እንዳለው እዩ። ባትሪው ሦስት ዓመት ካለፈው አስመርምሩት፤ ሙቀት ከብርድ ይልቅ ባትሪ ይገድላል።

ዳገት ላይ የሙቀት ጌጁ ሲወጣ ካያችሁ ኤሲውን አጥፉና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ላብ ያሰምጣችኋል፤ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይስባል። ካልወረደ ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን ግን አትንኩ። የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይተፋል። ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቀዝቅዝ። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬን ብቻ አትርገጡ፤ ማርሽ ቀንሱ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ይዤያቸው ልሂድ?

ይዘሃቸው ሂድ፤ እርሻውን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። የኔ እናት ጥጡን ስታይ "ይሄ ሁሉ በማን እጅ ይለቀማል?" ብላ ነበር የጠየቀችኝ። (በማሽን ነው።) ግን ሁለት ነገር አስተውሉ።

አንደኛው ውሃ ነው። እናቶቻችን መንገድ ላይ ውሃ አይጠጡም። "ሽንት ይመጣብኛል፣ አስቸግራችኋለሁ" ብለው ነው። ጠጡ ብትሏቸው ጠጥቻለሁ ይላሉ። ስለዚህ አታስጨንቋቸው፤ ይልቁን እናንተ በየሰዓቱ ቁሙ። "እኔ ሽንት ቤት ልሂድ" በሉ። ያኔ እሳቸውም ይወርዳሉ፤ ሳይሳቀቁም ይጠጣሉ። 99 ላይ ቲፕተን አጠገብ ማረፊያ አለ፤ ከዚያ ውጪ በየከተማው ነዳጅ ማደያ ሞልቷል።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። የደም ግፊት ኪኒን፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት፣ በሙቀት ጊዜ ሰውነትን ያደርቃል። ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታስቁሙ። መድኃኒቱን ዳሽቦርድ ላይ ወይም የኋላ ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ያበላሸዋል።

ሰው ራሱን ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ እግሩን ቁርጠት ከያዘው፣ ጥላና ቀዝቃዛ ቦታ አስገቡት፤ ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጡት። መዘባረቅ ከጀመረ፣ ከተንገዳገደ፣ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ከጋለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። 911 ደውሉ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት። ውሃ ውስጥ የተነከረ ነጠላ አንገትና ብብት ላይ ማድረግ ብዙ ይረዳል።

ልጆቹ ተኝተዋል። ለሁለት ደቂቃ ትቻቸው ብገባስ?

በፍጹም። የቆመ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ ሙቀቱ 20 ፋራናይት ገደማ ይጨምራል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ምንም አይረዳም። በካሊፎርኒያ ሕግም ስድስት ዓመትና ከዚያ በታች የሆነን ልጅ በእንዲህ ያለ አደጋ ውስጥ ቢያንስ 12 ዓመት የሞላው ጠባቂ ሳይኖር መኪና ውስጥ መተው ያስቀጣል። ቀስቅሷቸው። ያልቅሱ።

በመስኮት የማየው ሁሉ ምንድን ነው?

ልጆች ይህን ሲጠይቁ መልስ ማጣት ያሳዝናል። የማውቀውን ልንገራችሁ።

በሰልፍ የተተከሉ፣ ግንዳቸው አጭር፣ ቅጠላቸው ቀጭን የሆኑ ማለቂያ የሌላቸው ዛፎች አልሞንድ ናቸው። ከዓለም አልሞንድ 80 በመቶ ገደማው ከዚህ ሸለቆ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ አንድ ማሽን እየዞረ ግንዱን በክንዱ ጨብጦ ለጥቂት ሰከንድ ያንዘፈዝፈዋል። ፍሬው እንደ ዝናብ ይወርዳል። መሬት ላይ አንድ ሳምንት ገደማ ይደርቅና ተጠርጎ ይታፈሳል። ያን ጊዜ አካባቢው በሙሉ አቧራ ነው። አልሞንድን የሚመስሉ፣ ግን ቅጠላቸው ሰፋ፣ ፍሬያቸው እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ ካያችሁ ፒስታቺዮ ናቸው።

ሁለት ተጎታች ሙሉ ቲማቲም የጫኑ መኪናዎችን ከሐምሌ ጀምሮ ታያላችሁ። በመታጠፊያዎች ላይ መሬቱ ቀይ ነው፤ የተንጠባጠበ ቲማቲም ነው። አሜሪካ ውስጥ ለድልህና ለሶስ ከሚውለው ቲማቲም ከ90 በመቶ በላይ የሚመረተው በካሊፎርኒያ ነው። ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው የቆርቆሮ ቲማቲም ጉዞውን የጀመረው እዚህ ነው ማለት ነው። ከነዚህ መኪናዎች ኋላ ተጠግታችሁ አትንዱ።

አረንጓዴ ምንጣፍ የሚመስለው አልፋልፋ ነው፤ የላሞች ምግብ። ከዴላኖ እስከ ፍሬዝኖ ወይን አለ። በመንገዱ አካፋይ ላይ ሮዝና ነጭ አበባ ያበቡት ቁጥቋጦዎች ኦሊያንደር ይባላሉ። ያምራሉ፤ ግን መርዝ ናቸው። ቅጠሉንም አበባውንም ልጅ እንዳይቀጥፍ።

ዝናብ ከሌለ ውሃው ከየት ይመጣል?

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። የገበሬ የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ በሰኔ ሰማይ ሰማይ እያየ ነበር የሚኖረው። እዚህ ገበሬ ሰማይ አያይም፤ ተራራውን ነው የሚያየው። በክረምት ሴራ ኔቫዳ ላይ የወደቀው በረዶ ሲቀልጥ በወንዝ ይወርዳል፤ ግድብ ያቆመዋል፤ ቦይ ይወስደዋል። ፍሪያንት-ከርን የሚባለው ቦይ ብቻውን 245 ኪሎ ሜትር ነው። በ5 በኩል የሚታየው ትልቁ የካሊፎርኒያ ቦይ ደግሞ 715 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ግሬፕቫይን አጠገብ ውሃውን በፓምፕ 587 ሜትር ሽቅብ ገፍተው በተራራው ላይ ያሻግሩታል። እኛ ሎስ አንጀለስ ቧንቧ ከፍተን ከምንጠጣው ከፊሉ እሱ ነው።

የወንዙ አልበቃ ሲል ከጉድጓድ ይቀዳል። ብዙ ከመቀዳቱ የተነሳ መሬቱ ራሱ ሰጠመ። ሜንዶታ ከተማ አጠገብ ከ1925 እስከ 1977 ባለው ጊዜ መሬቱ 9 ሜትር ገደማ ወርዷል። አንድ የሳይንስ ሰው ምሰሶ አጠገብ ቆሞ፣ የ1925ቱ መሬት የቱ ጋ እንደነበር ከራሱ በላይ ተሰቅሎ የሚያሳይ ፎቶ አለ። ፎቶውን ለልጆቼ ሳሳያቸው ትልቁ ልጄ ዝም አለ።

ከዴላኖ ወደ ቱሌር ስትሄዱ በስተግራችሁ፣ ከአድማስ በታች፣ ትልቅ ሐይቅ ነበር። ቱሌር ሐይቅ ይባላል፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ዮኩቶች፣ ፓአሺ ይሉታል። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ ካሉት የጨዋማ ያልሆነ ውሃ ሐይቆች በስፋት የሚበልጠው አልነበረም። ወንዞቹን ጠልፈው አደረቁትና ጥጥ አረሱበት። በ2023 በረዶው ከልክ በላይ ሲበዛ ሐይቁ ተመልሶ መጣ። ከ100 ሺህ ኤከር በላይ እርሻ ዋጠ። ውሃ የቀድሞ ቤቱን አይረሳም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቦዮቹ በሙቀት ጊዜ ያምራሉ፤ ግን አይዋኝባቸውም። ጎናቸው ሲሚንቶ ነው፤ ያንሸራትታል፤ የገባ ሰው የሚይዘው የለም። ከቤከርስፊልድ በላይ ያለው የከርን ወንዝም እንዲሁ ነው። የወንዙ ገደል መግቢያ ላይ ከ1968 ጀምሮ ስንት ሰው እንደሞተበት የሚቆጥር ምልክት ተተክሏል። ቁጥሩ ይቀየራል።

ወርጄ ፍሬ ብቀጥፍ፣ ፎቶ ባነሳስ?

እርሻው የሰው ነው፤ አትግቡ። በዚያ ላይ መድኃኒት የተረጨበት ሊሆን ይችላል። የራስ ቅል ሥዕል ያለበት፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የተጻፈ ምልክት ካያችሁ ጫፉንም አትርገጡ። ራሳችሁ ቀጥፋችሁ የምትገዙባቸው እርሻዎች አሉ፤ ወደነሱ ሂዱ።

ፎቶን በተመለከተ የምለምናችሁ ነገር አለ። ጠዋት በመስኮት ታዩአቸዋላችሁ። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሰው፣ ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው፣ ኮፍያ ደፍተው፣ ጎንበስ ቀና ይላሉ። ፀሐዩንና አቧራውን ለመከላከል ነው። አብዛኞቹ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ካሜራ ያስፈራቸዋል፤ ለምን እንደሚያስፈራ ስደተኛ የሆነ ሰው አይጠፋውም። ሳትጠይቁ አታንሱ። እጃችሁን አውለብልቡ፤ ብዙ ጊዜ ይመልሳሉ።

በ2005 ካሊፎርኒያ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ ውጭ የሚሠሩ ሰዎችን ከሙቀት የሚጠብቅ ደንብ አወጣች። የደንቡ መነሻ በዚያው ሰመር ሠራተኞች በሙቀት መሞታቸው ነው። አሁን 80 ፋራናይት ካለፈ አሠሪው ጥላ ማዘጋጀት አለበት። ለእያንዳንዱ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ማቅረብ አለበት። 95 ሲደርስ ተጨማሪ ግዴታ አለ። ያ ሁሉ በነጻ አልመጣም። ዴላኖ ላይ መስከረም 8 ቀን 1965 ፊሊፒኖ ወይን ለቃሚዎች በላሪ ኢትሊዮንግ መሪነት ሥራ አቆሙ። ከሳምንት በኋላ እነ ሴሳር ቻቬዝና ዶሎሬስ ዌርታ ያደራጇቸው የሜክሲኮ ሠራተኞች ተቀላቀሏቸው። አምስት ዓመት ገደማ ፈጀ። በ1970 ወይን አምራቾቹ ፈረሙ። ዴላኖ ስትደርሱ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ወይን ሲበሉ ይህን ማወቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ቦታ ብቻ ልቁም ብል የት ልቁም?

አለንስወርዝ። ከ99 ኧርሊማርት ላይ ወጥታችሁ ወደ ምዕራብ ትሄዳላችሁ፤ ሩቅ አይደለም።

አለን አለንስወርዝ በ1842 ኬንታኪ ውስጥ በባርነት ተወለደ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ አመለጠ። ኋላ የጦር ሠራዊት ቄስ ሆኖ እስከ ሌተናል ኮሎኔል ማዕረግ ደርሶ በ1906 ጡረታ ወጣ። በ1908 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በዚህ ደረቅ ሜዳ ላይ ከተማ ቆረቆረ። ጥቁሮች የመሠረቷት፣ ጥቁሮች ገንዘብ ያወጡባት፣ ጥቁሮች የሚያስተዳድሯት። በካሊፎርኒያ ታሪክ ሌላ እንዲህ ያለች ከተማ የለችም። ትምህርት ቤት ነበራት፣ ቤተ መጻሕፍት ነበራት። ከዓድዋ 12 ዓመት በኋላ መሆኑን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ሆኖም ውሃው እያነሰ ሄደ፤ ባቡሩም ማቆሚያውን ወደ ሌላ ከተማ ወሰደው። እሱ ራሱ በ1914 በሞተር ሳይክል ተገጭቶ ሞተ።

ዛሬ የክልሉ ታሪካዊ ፓርክ ነው። ቤቶቹ ታድሰዋል። ጥላ እምብዛም ስለሌለ በጠዋት ሂዱ። ቤቶቹ የሚከፈቱበትን ቀን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እዚያ ቆማችሁ የምትሰሙት ነፋሱንና የሚያልፈውን ባቡር ብቻ ነው።

ምግብስ? ፍልሰታ ላይ ከሆነስ?

ከቤት የምትይዙት ደረቅ ነገር ይሁን፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ዳቦ። ቋንጣ ፍርፍር በበረዶ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ይሁን። ከ90 ፋራናይት በላይ ሲሆን የበሰለ ምግብ ያለ በረዶ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ክትፎ ይዛችሁ እንዳትወጡ።

ፍልሰታ በኛ ቆጠራ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ነው፤ በፈረንጅ ከኦገስት 7። የጉዞው ወቅት ላይ ይወድቃል። ሜክሲኮ ምግብ ቤቶች ባቄላና ሩዝ አላቸው፤ ግን ባቄላው በአሳማ ስብ ሊሠራ ይችላል። "ሲን ማንቴካ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ" በሉ፤ ስብ፣ አይብ፣ ክሬም የሌለበት ማለት ነው።

ብዙ ሐበሻ የማያውቀው ደግሞ ይህን ነው። ሸለቆው ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ ፑንጃቢ ሲኮች አሉ። ስቶክተን ያለው ቤተ ጸሎታቸው በ1912 የተመሠረተ ነው፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ በ99 ዳር ባሉ ብዙ ከተሞች አሏቸው። ለመጣ ሰው ሁሉ በነጻ ያበላሉ፤ ላንጋር ይሉታል። ጫማ ታወልቃላችሁ፣ ራሳችሁን ትሸፍናላችሁ፣ መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ከሁሉም ጋር እኩል ትበላላችሁ። ነጠላዋን ያጣፋች እናት እዚያ እንግዳ አትመስልም። ሥጋ የለበትም፤ ወተትና ቅቤ ግን አለበት። ስለዚህ በጾም ከሆነ ጠይቁ። ምስሩን ያለ ቅቤ ካገኛችሁ ቤታችሁ ነው።

አስም አለብኝ። አየሩ እንዴት ነው?

ጥሩ አይደለም። ተራሮቹ ሙቀቱን እንደሚይዙት ጭሱንም ይይዙታል። ሰደድ እሳት ካለ ይብሳል። ኤርናው የሚባለውን አፕ ጠዋት ተመልከቱ፤ ቀይ ከሆነ መስኮት ዝጉ፣ ኤሲውን የውስጡን አየር እንዲያዞር አድርጉ። መንፊያችሁን እጃችሁ ላይ ያዙ።

ነፋስ ሲነሳ ከአቧራው ራቁ። አፈሩ ውስጥ ቫሊ ፊቨር የሚባል የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ፈንገስ አለ፤ በተለይ በቤከርስፊልድ በኩል። ከጉዞው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ የማይለቅ ሳልና ትኩሳት ከያዛችሁ ለሐኪሙ "ሸለቆውን አቋርጫለሁ" በሉት። ካልነገራችሁት ላይጠረጥር ይችላል።

ኤሌክትሪክ መኪና ነው ያለኝ።

ኤሲው ርቀታችሁን ይቀንሳል። ዳገቱ ደግሞ ይበላል። በ5 በኩል ኬተልማን ሲቲ ትልቅ መሙያ አለ። በ99 በየከተማው ታገኛላችሁ። መመለሻውን ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ቤከርስፊልድ ላይ ሙሉ።

ከላስ ቬጋስ ነው የምመጣው።

በባርስቶው በኩል በ58 ቴሃቻፒን ተሻግራችሁ ቤከርስፊልድ ትወርዳላችሁ። ካሊፎርኒያ ስትገቡ የእርሻ ፍተሻ ጣቢያ አለ፤ ፍራፍሬና ተክል ይዛችሁ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከጓሮ የተለቀመ ሎሚም ቢሆን አትደብቁ። አንዲት የፍሬ ዝንብ እርሻ ታጠፋለች።

ባዶ እጄን ዘመድ ቤት አልገባም። ምን ልግዛ?

ኮክ ከገዛችሁ ጠንከር ያለውን ምረጡ። የበሰለው ኦክላንድ ሳይደርስ ይፈርጣል። ሣጥኑን የኋላ ሻንጣ ውስጥ አታድርጉት፤ ኤሲ የሚደርስበት እግራችሁ ሥር ይሁን። ጥሬ ገንዘብ፣ ዝርዝር ዝርዝሩን፣ ያዙ።

የኔ ምርጫ ግን ዘቢብ ነው። ሴልማ ከተማ ራሷን የዓለም የዘቢብ መዲና ትላለች። በነሐሴ መጨረሻ ወይኑን በእጅ ቆርጠው በተክሎቹ ረድፎች መካከል ወረቀት ላይ ያሰጡታል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ ይቆያል። አራት ኪሎ ወይን ደርቆ አንድ ኪሎ ዘቢብ ቢወጣው ነው። ያ የምንሸሸው ሙቀት ሥራው ይሄ ነው። ዛሬ ዛሬ ተክሉ ላይ እንዳለ የሚያደርቁም በዝተዋል፤ ግን ስጡ አሁንም አለ። እኛ ገብስና ጤፍ አስጥተን እንደምንጠብቀው ማለት ነው።

በፍሬዝኖ ዙሪያ ወይን ካለሙት መካከል አርመኖች አሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው የኛ እህት ናት። በነሐሴ አጋማሽ የእመቤታችንን ዕርገት ሲያከብሩ ወይን ይባርካሉ። እኛ ፍልሰታን በምንጾምበት ሰሞን ማለት ነው።

አገር ቤት ሰው ስለት ሲገባ ዕጣን፣ ጧፍ፣ ዘቢብ ነው የሚያስገባው። የቅዳሴው ወይን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነውና። ኦክላንድ ስደርስ አንድ ሣጥን ለአክስቴ፣ አንድ ሣጥን ለቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ። ስትገዙ ዘይት ያልተቀባውንና በድኝ ያልታጠነውን ጠይቁ፤ ወርቃማው ሳይሆን ጥቁሩ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ለካህኑ ደውላችሁ ለቤተ ልሔም የሚሆነው የቱ እንደሆነ ጠይቋቸው።